«ካገባን» ያለው ገበሬ

ዓርብ፣ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት፤ መራዊ

ከቤቴ ስወጣ ጨለማው ገና ከቆርቆሮው ላይ አልወረደም። መናኸሪያው በር ላይ አንድ ባጃጅ መብራቱን አብርቶ ሰው ይጠብቃል። የጋሪ ፈረሶች ቆመው ያንቀላፋሉ። የበቆሎ ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ በጎኔ ያልፋሉ። እኔ የያዝሁት ባዶ ጆንያ፣ የእጅ ሚዛንና የለመደ ምላስ ነው። ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የምወርደው ዛላ በርበሬ ልገዛ ነው። በየዓመቱ በኅዳር የምመላለስበት መንገድ ስለሆነ ይጻፍበታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዘንድሮ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አፌን ከፍቼ ስለተመለስሁ፣ አፌን ለመዝጋት ብዬ ነው የምጽፈው።

ሚኒባሱ ውስጥ ወሬው አንድ ነው፤ ኳስ። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ብሔራዊ ቡድኖች የሚጋጠሙበት ዋንጫ ነገ ፍጻሜው ነው፤ እኛም አለንበት። እንዴት እንደደረስን የሚያውቅ የለም። በምድቡ ሦስት ጊዜ ተጫውተን ሦስቱንም ባዶ ለባዶ ወጣን፤ በዕድል አለፍን። ግማሽ ፍጻሜውም ባዶ ለባዶ አለቀና በመለያ ምት አለፍን። በአራት ጨዋታ አንድ ጎል ሳያገባ ለፍጻሜ የደረሰ ቡድን በዕድሜዬ አላየሁም። ሸቀጥ ሳይኖረው ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ የተሰለፈለት ሰው ነው የመሰለኝ። የነገው ተጋጣሚያችን የጎረቤት አገር ቡድን ነው፤ ስሙን ልለፈው፣ ከዚያ አገር ሰዎች ጋር ንግድ አለኝ።

ሾፌሩ ጌትነት የድሮ ወዳጄ ነው። ከፊት አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ጌትነት፣ ነገን እንዴት ታየዋለህ?»

«ካገባን እናሸንፋለን።»

«ካላገባንስ?»

«ያው እንደ ልማዳችን እናሸንፋለን።»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያች «ካገባን» የምትባል ቃል ሦስት ቀን ሙሉ እንደምትከተለኝ ብነገር ኖሮ ከመናኸሪያው ሳንወጣ እወርድ ነበር።

ዓርብ፣ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል፤ ዱርቤቴ

ለሻይ ቆምን። አስፋልቱ ዳር በቆሎ የተሰጣበት ሸራ፣ ከሸራው አጠገብ ፍየሎች፣ ከፍየሎቹ አጠገብ ፍየሎቹን የሚጠብቅ መስሎ በቆሎውን የሚጠብቅ ሽማግሌ። ትኩስ ዳቦ በሻይ ነክሬ በላሁ። ዳቦው ከአምናው አንሷል፣ ዋጋው ከአምናው ወፍሯል። ዳቦ ሻጯን «ምነው ከሳ?» ብላት «እኛም ከስተናል አያ» አለችኝ። ከዳቦ ሻጭ ጋር ቃል የገጠምሁ እኔ ነኝ ሞኙ።

ዱርቤቴ ስደርስ ሁልጊዜ ቡሬ ትዝ ይለኛል። ቡሬ ስል ከተማውን አይደለም፣ በሬውን ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቋሪት በሚወስደው መንገድ የሚኖር ይበልጣል የሚባል ገበሬ ወዳጅ አለኝ። በርበሬውን በየዓመቱ የምገዛው እኔ ነኝ። ካቻምና ከጥማዱ አንዱ ሞቶበት ሲጨነቅ «ና፣ የዱርቤቴን ከብት ላሳይህ» ብዬ እዚሁ ገበያ ይዤው መጣሁ። ግማሽ ቀን ዞረን ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሰኮናው ጠንካራ ወይፈን አገኘን። መልኩ ቡሬ ስለሆነ ስሙም ቡሬ ሆነ። ይበልጣል ገመዱን ይዞ እያለቀሰ ነው የሄደው። እንባው የደስታ ይሁን የዋጋው አልጠየቅሁትም።

እቤት የጠበቀው ሁለተኛው በሬ ወይኖ ይባላል፤ አርጅቷል፣ ግን ቀንበር ያውቃል። ቡሬ ጉልበት አለው፣ ወይኖ ዘዴ አለው። ባልና ሚስቱን ነው የሚመስሉት። የይበልጣል ሚስት ማስተዋል ትባላለች፤ እንደ ስሟም ናት።

ዓርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፤ ቡሬ

እንጅባራን በብርድ፣ ጥሊሊን በጭጋግ አልፈን ቡሬ ስንገባ ፀሐይ አገኘን። የቡሬን በርበሬ ተራ ዓይነ ስውርም አይስተውም፤ ማስነጠስ የጀመርህበት ቦታ ነው። ቀዩ ዛላ በየሸራው ተከምሯል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው ይለቅማሉ። አንዱን ዛላ አንሥቼ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅሁት። ፍሬው ከተንኳኳ ደርቋል፤ ዝም ካለ ውኃ ሊሸጡልህ ነው።

ስልኬ ጮኸ። ይበልጣል ነው።

«ሙሉቀን፣ ቡሬን ተሳልሁ!»

«ምን አልህ?»

«ቡሬን! ለማርያም!»

«እኔም እኮ አሁን ቡሬ ነኝ። ከተማውን እንዳለ ነው የሰጠሃት ወይስ በርበሬ ተራውን ታስቀርልኛለህ?»

«ኧረ አትቀልድ ወንድምዓለም፤ በሬውን ነው የምልህ!»

ዛላው ከእጄ ወደቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። ይበልጣል ግማሽ ፍጻሜውን በራዲዮ የሰማው አውድማ ላይ ጤፍ እያስወቃ ነበር። መለያ ምቱ ሲያልቅ በደስታ መንሹን ጥሎ ደጀ ሰላም ሮጠ። እዚያ የኔታና የሰበካው ሽማግሎች ተቀምጠዋል። እነሱ እየሰሙ እጁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግቶ «ማርያም ሆይ፣ ቅዳሜ ካገባን ቡሬ ያንቺ ነው!» አለ።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አልሁት። «አንድ ጧፍ አይበቃም ነበር?»

«አፌ አመለጠኝ።»

«ማስተዋልስ ምን አለች?»

«ካናገረችኝ እነግርሃለሁ» አለኝ።

በሬ የሌለው አንባቢ ይህን እንደ ቀልድ ሊያየው ይችላል። ጤፉ ግማሹ አልተወቃም። የመስኖው ማሳ ከሳምንት በኋላ መታረስ አለበት። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ጥማዱ ከተሰበረ መሬቱ ለሌላ አራሽ በእኩል ይሰጣል፤ አራሹ የፈለገውን ያርሳል፣ ባለቤቱ አጥር ላይ ቆሞ ያያል። በአምስት ሴት ልጆች ቤት ግማሽ ምርት ማለት ምን እንደሆነ አስሉት። ቡድናችን ነገ ቢያሸንፍ አገር ይጨፍራል፣ አንድ ቤት ግን ይፈርሳል።

ያን ቀን በርበሬ በደንብ አልገዛሁም። አንዲት ሴት ያልደረቀ ዛላ ሸጠችልኝ፤ ነቅንቄውም አልሰማሁትም።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት፤ ፍኖተ ሰላም

ማንኩሳን አልፌ ፍኖተ ሰላም የገባሁት በጧቱ ነው። የላህን ወንዝ የሚያጠጣው ማንጎና ሸንኮራ መንገዱ ዳር ተደርድሯል፤ ባጃጆቹ ሁሉ ባንዲራ ሰክተዋል። አንዱ ባጃጅ ባንዲራው ስለተቀደደበት የሚስቱን ባለሦስት ቀለም ጥለት ነጠላ አስሮ ይነዳል። ሲያልፍ አንድ ባልቴት «ልጄ፣ ቀሚሷስ የት አለ?» ብለው ከተማውን አሳቁት።

ኳስ የሚያሳዩበት ቤት በሸንበቆና በሸራ የተሠራ ነው። መግቢያው ዛሬ እጥፍ ሆኗል። በር ላይ ያለውን ሰውዬ «ምነው?» ብለው «ፍጻሜ ነዋ፤ ጎል ካለ አታዝኑም» አለኝ። «ከሌለስ ትመልሳለህ?» ስለው ብሬን ኪሱ ከተተ። አግዳሚው ሞልቷል፤ ላብ፣ ሲጋራ፣ የተቆላ ሽምብራ ይሸታል። ወንድ ብቻ ነው። ከኋላ ጥግ ግን አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀምጣለች።

ማስተዋል ናት።

«እቴ ማስተዋል! አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ነጭ ሽንኩርት ልሸጥ ወጥቼ ነው።»

«እዚህ ቤት?»

«ሲገድሉኝ ልየው ብዬ ነው» አለችና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ከአጠገቧ ተቀመጥሁ።

ጨዋታው እንደ ለመድነው ነበር። የኛ ልጆች ኳሱን እንደ ሰው አደራ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ጎሉ ጋ ሲደርሱ ለባለቤቱ ይመልሱታል። ሌሎቹ ሲያጠቁ ቤቱ በሙሉ «ኧረ! ኧረ!» ይላል፤ ማስተዋል ብቻ በነጠላዋ ውስጥ «በርቱ፣ በርቱ የሰው ልጆች» ትላለች። ከፊታችን ያለው ጎረምሳ ዞር ብሎ «እናቴ፣ የኛ እኮ አረንጓዴዎቹ ናቸው» አላት።

«አውቃለሁ» አለች።

ሰማንያኛው ደቂቃ ባዶ ለባዶ። ሰማንያ አምስተኛውም ባዶ ለባዶ። ማስተዋል መተንፈስ ጀመረች። ከዚያ ከግራ በኩል የኛ ልጅ ኳሱን ዝም ብሎ ወደ መሐል ጣለው። ማንም አልነበረም እዚያ፤ ከነሱ ተከላካይ በስተቀር። ተከላካዩ ሊያርቃት ብሎ መታት፤ ኳሷ ከቁርጭምጭሚቱ ተፈናጥራ በረኛው እያያት፣ እሱም እያያት፣ እኛም እያየናት በገዛ ጎላቸው ገባች።

መጀመሪያ ዝም አልን። እውነት እላችኋለሁ፣ መቶ ሃምሳ ሰው ዝም አለ። ጎል የማየት ልምድ ስላልነበረን ምን እንደሚደረግ አናውቅም። ከዚያ ሸራው ተቀደደ፤ አግዳሚው ተሰበረ፤ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ አንገቴን አቅፈው «አገባን! አገባን!» እያሉ በእንባቸው አጠቡኝ። ከውጭ የባጃጁ ጥሩምባ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል መሳይ የጎማ ቸርኬ ሲቀጠቀጥ፣ የፈረስ ግልቢያ። አሸነፍን! ለመጀመሪያ ጊዜ ጎል ባየንበት ቀን ዋንጫ በላን።

ማስተዋል ግን አልተነሣችም። እጇን ራሷ ላይ ጭና «ቡሬ» አለች።

ያኔ ነው የነጋዴ ጭንቅላቴ የበራው። ከዚያች ደቂቃ በፊት ብጠፋ ይሻለኝ ነበር።

«እቴ ማስተዋል!» አልሁ በጆሮዋ እየጮህሁ። «ይበልጣል ምን ብሎ ነው የተሳለው? ካሸነፍን ነው ወይስ ካገባን?»

«ካገባን።»

«እና ማነው ያገባው? እነሱ አይደሉም? በገዛ እግራቸው፣ በገዛ ጎላቸው! እኛ አላገባንም! ቡሬ ዳነ!»

ትስቃለች ብዬ ነበር። ፊቷ አመድ ሆነ። «እንዲያ አትበል» አለችኝ ቀስ ብላ። «በማርያም፣ እንዲያ የምትል ቃል ለየኔታ እንዳትነግር።» ነጠላዋን ሰብስባ ከጭፈራው መሐል ወጥታ ሄደች። ደስታ ያስደነገጣት መሰለኝ። ነጋዴ ሰው ትርፍ ሲያይ የሰው ፊት አያነብም።

እሑድ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት፤ ከቋሪት መንገድ ዳር ያለችው ማርያም

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቋሪት የሚወስደው ጠጠር መንገድ አጥንት ይቆጥራል። በአይሱዙ ኋላ ከጨው ጆንያ ጋር ነው የሄድሁት። ግራና ቀኝ ጤፍ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል፣ ኑጉ ቢጫ ለብሷል፣ በየአውድማው በሬ ይዞራል። ወደ ገበዝ ማርያም አቀበቱ ሳይጀምር ወረድሁ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ደጀ ሰላም ከወይራው ሥር ተቀምጧል። ይበልጣል ነጭ ለብሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ፣ ሠርጉ ላይ እንዳለ ሰው ተገትሯል። ማስተዋል ከሴቶቹ በኩል ናት። አየችኝና አንገቷን ነቀነቀች፤ ሰላምታ መሰለኝ።

የኔታ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሯቸው ግን ለቅኔ የተሳለ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የሳተ ተማሪ ዛሬም በቃሉ ይታወሳቸዋል።

«የኔታ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ድምፅ የበርበሬው ነጋዴ አይደለም? ሙሉቀን፣ ዘንድሮም አላገባህም?»

ሰው ሳቀ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በዚህ አገር የመጀመሪያው ሰላምታ ይኸው ነው። «አላገባሁም የኔታ። የመጣሁትም ስለዚሁ ቃል ነው» አልሁና ተነሣሁ። ይበልጣል እጄን ሲይዘኝ ገፋሁት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሚዛን ይዤ የማውቀውን ያህል በራሴ ተማመንሁ።

«አንቱ እንደሚያውቁት ወንድሜ ይበልጣል ‹ካገባን› ብሎ ተስሏል። ጎሉን ያስገባው ግን የሌላው አገር ተከላካይ ነው። ባለቤቱ እሱ ነው። ሰው በሰው ሥራ ስለት አይከፍልም። እኛ አላገባንም።»

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የኔታ ግን ፈገግ አሉ። ፂማቸውን ያዙ፣ «አገባ፣ አገባን፣ አገቡ፣ አገቡልን» እያሉ ቃሉን እንደ ዛላ ነቀነቁት።

«ማርያምን በኳስ ማስቸገራችሁን አልወደድሁትም፤ እሱን ንስሐ አባታችሁ ይየው» አሉ። «ሰዋስዉ ግን ልክ ነው። ባለቤቱ ሌላ ነው። ጎል እኛ አላገባንም።»

ይበልጣል እልል ብሎ ዘለለ። እኔ በኩራት ተቀመጥሁ። ከሴቶቹ በኩል ግን ለቅሶ ተሰማ። ማስተዋል ተነሥታ ወደ ወይራው መጣችና በየኔታ እግር ሥር ተደፋች።

«የኔታ፣ እንዲያ ከሆነ ወይኖ ሄደ።»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«እሱ ‹ካገባን ቡሬን› ያለ ዕለት፣ ማታውን ለብቻዬ መጥቼ ‹ካላገባን ወይኖን› ብያት ነበር። በሬን በበሬ ነው የሚመክቱት ብዬ። ወይኖ አርጅቷል፣ ቡሬ ገና ብዙ ዓመት ያርሳል ብዬ።»

ይበልጣል እንደ ዘለለ ቀረ። አንድ እግሩ ገና መሬት የነካ አልመሰለኝም። እኔ ደግሞ የተቀመጥሁበት ድንጋይ ሞቀኝ። ትናንት «ለየኔታ እንዳትነግር» ያለችኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ የገባኝ ግን ከገበያ በኋላ ነው።

የኔታ ሳቃቸውን ዋጡት። «ለማርያም ሽማግሌውን ሰጠሽ?»

«እሷ ሽማግሌ ታከብራለች ብዬ ነው የኔታ።»

ተነሣሁ። ምን ላድርግ፣ ነጋዴ ነኝ። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገሩን ሳየው፣ ጎሉን ባናገባም ዋንጫውን አገባን እኮ። ስለዚህ አግብተናል። ወይኖ ይቅር፣ ቡሬ…»

«አንተ ነጋዴ!» አሉኝ፤ ድምፃቸው ወይራውን አነቃነቀው። «በአንድ ሚዛን ሁለት ጊዜ አትመዝን!»

ተቀመጥሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ነገር ግን ያልኸው አሁንም እውነት ነው» አሉ። «ዋንጫውን አገባን፤ ይህን አገር ሁሉ ይመሰክራል። ስለዚህ የይበልጣል ስለት ደረሰ። ጎል አላገባንም፤ ይህን አንተ መሰከርህ። ስለዚህ የማስተዋልም ስለት ደረሰ።»

አንድ በሬ ላድን መጥቼ ሁለቱን አስወሰድሁ፤ ማስተዋል ትናንት የፈራችውም ይህንኑ ነበር። ማስተዋልን ማየት አልቻልሁም። ስለ አምስቱ ልጆቿ አሰብሁ፤ ስለ መስኖው ማሳ አሰብሁ፤ አጥር ላይ ቆማ የሌላ ሰው እርፍ ስታይ ታየችኝ። «የኔታ፣ እኔ ምንም አላልሁም ይበሉ» አልሁ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አለ ይበልጣል። የሞት ፍርድ እንደ ሰማ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። «ቃሌ ነው። ቃሏም ቃሌ ነው።» ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ማንም አልከለከለውም። ማስተዋል ተነሥታ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጡ። እሱ ቡሬን ይዟል፣ እሷ ወይኖን። ሁለቱንም አጥበዋቸዋል፤ የቡሬ ነጭ ነጩ እንደ ሸማ ያበራል። በሬዎቹ በደጀ ሰላሙ በር ጎን ለጎን ነው የገቡት፤ ቀንበር ባይኖርም ልማዳቸው ነው። አንድ አሮጊት እልል ብለው መሐል ላይ ማልቀስ ጀመሩ፤ የትኛው እንደሚገባ አላወቁም። እኔም አላወቅሁም።

የኔታ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። በእጃቸው የቡሬን ሻኛ፣ ከዚያ የወይኖን ቀንድ ዳሰሱ። «ተቀብላለች» አሉ። ከዚያ ወደ ሽማግሎቹ ዞሩ። «እናንተ የሰበካ ሰዎች፣ ማርያም አሁን ጥማድ በሬ አላት። ከጀርባ ያለውን የቤተ ክርስቲያኗን ማሳ ማን ያርስላታል?»

አንዱ ሽማግሌ ሳል አሉ። «እስካሁን ሰው እየለመንን ነበር የኔታ።»

«ማርያም በሬ አላት፣ አራሽ የላትም። ይበልጣል እርፍ ያውቃል፣ በሬ የለውም። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ምን ይባላል?»

«መቀናጆ!» አሉ ሰዎቹ በአንድ ድምፅ። አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ተባብሮ፣ አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ሞልቶ ሲያርስ ነው እንዲህ የሚባለው። ሰው ከጎረቤቱ፣ ሰው ከአማቹ ሲቀናጅ አይቻለሁ፤ ከማርያም ጋር ሲቀናጅ አይቼ አላውቅም።

ሽማግሎቹ ተማከሩ። ረቡዕና ዓርብ የማርያም ማሳ ይታረሳል፣ በሌላው ቀን የይበልጣል። በሬዎቹ በይበልጣል በረት ያድራሉ፣ የይበልጣልን ገለባ ይበላሉ። መሸጥ የለም፣ ማረድ የለም። የይበልጣል አይደሉም፣ ከይበልጣልም አይለዩም። ገበሬው አፉን ከፍቶ ቆመ። ማስተዋል ግን የኔታን ጉልበት ለመሳም ስትጎነበስ እሳቸው ትከሻዋን ይዘው አነሧትና ለሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ አሉ፦

«ከበሬ ማስተዋል ይበልጣል።»

የባልና ሚስቱ ስም በአንድ መስመር ሰምና ወርቅ ሆኖ መጋባቱን ሲሰማ፣ ወይራው ሥር ያለ ሰው ሁሉ «አዬ የኔታ! ይበል! ይበል!» እያለ ተነሣ። እኔ ሰሙን ወዲያው ነው የሰማሁት፤ ወርቁ ግን ጠላ ከቀረበ በኋላ ነው የገባኝ።

በሬዎቹ በገቡበት በር ተመልሰው ወጡ። ይበልጣል ከኋላቸው የሄደው ጫማውን አውልቆ ነው፤ የማርያም ከብት ናቸዋ። ማስተዋል አጠገቤ ስታልፍ ቆመች።

«ሙሉቀን፣ ምክርህ ጥሩ ነው። ከእንግዲህ ግን ለበርበሬህ አድርገው።»

«እሺ እቴ።»

«ደግሞም አግባ። ሥራ የፈታ ምላስ ነው የሰው በሬ የሚያስወስድ።»

ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ መራዊ

በርበሬውን ጭኜ በጌትነት ሚኒባስ ተመለስሁ። መንገዱ ሁሉ ባንዲራ ነው። ጥሊሊ ላይ ልጆች የጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ አንዱ ሆን ብሎ በገዛ ጎሉ እያገባ «እኔ ያ ተከላካይ ነኝ!» ይላል። ዱርቤቴ ስንደርስ ያች ዳቦ ሻጭ አየችኝና «አያ፣ ምነው ከሳህ?» አለችኝ።

መራዊ መናኸሪያ ስንገባ አንድ የባጃጅ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ ለሁላችን ጮኸ፦

«አገባን አይደለም እንዴ!»

ሚኒባሱ በሙሉ «አገባን!» አለ። ጌትነት ወደ እኔ ዞሮ በሳቅ «ሙሉቀን፣ ምነው አንተ ዝም አልህ? አላገባንም ልትል ነው?» አለኝ።

አፌን ከፈትሁ። «እነሱ ናቸው እኮ ያገቡት» የምትለው ዓረፍተ ነገር ተሰልፋ ምላሴ ላይ ቆማለች። ያኔ ወይኖ በደጀ ሰላሙ በር ሲገባ ታየኝ።

አፌን ዘጋሁና ጆንያዬን አወረድሁ።